ካሜራው ከግቢ እንዳይወጣ፦ የጌትዌይ ዘዴ

ቀረጻውን ለኤንቪአር (የካሜራዎችን ቀረጻ ለሚያስቀምጠው ሳጥን) ብቻ የሚልክ የሱቅ ወይም የግቢ ካሜራ ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል? ምንም። ግን ራውተር ላይ ስለተሰካ ብቻ ወደ ውጭ ያወራል። ራውተሩ ላይ ፖርት (ከውጭ መግቢያ) ከተከፈተለት ደግሞ ውጭ ያለው ሁሉ ያንኳኳዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ቫይረስ ካሜራዎችን በገፍ የጠለፈው የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸውን እየሞከረ ነው።

ካሜራው ወደ ኢንተርኔት እንዳይወጣ ለማድረግ ሴቲንጉን በብሮውዘር ክፈቱና ኔትወርክ ውስጥ ግቡ። ዲኤችሲፒን (አድራሻ ከራውተሩ በራሱ የሚቀበልበትን) አጥፉ፤ ራውተሩ ለሌላ ዕቃ የማይሰጠውን ቋሚ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ስጡት። ሰብኔት ማስኩን አትንኩ። ጌትዌይ (ከኔትወርኩ መውጫ በር) የሚለው ላይ የራውተሩ አድራሻ አለ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1። እሱን አጥፍታችሁ ማንም የማይጠቀምበትን ጻፉ፤ 192.168.1.250 በሉት። ባዶ ስትተዉት እምቢ የሚሉ ካሜራዎች አሉ። አይፒቪ6 (ሌላው የአድራሻ ዓይነት) ካለ ዝጉት፣ አለዚያ በጓሮ በር ይወጣል።

ጌትዌይ የሚያስፈልገው ከኔትወርኩ ለመውጣት ብቻ ነው። ውስጥ ያሉት እርስ በርስ ያለ እሱ ይነጋገራሉ። ስለዚህ ኤንቪአሩ እንደወትሮው ይቀርጻል፤ የእሱን ጌትዌይ ካልነካችሁ ከስልክም በእሱ በኩል ታያላችሁ።

ካሜራው ሰዓቱን ከኢንተርኔት ስለማያገኝ እያደር ይዛነፋል። ኤንቪአሩ ሰዓት የሚሰጥ ከሆነ ካሜራው ላይ ኤንቲፒ (ሰዓት የሚቀበልበት) በሚለው ቦታ የእሱን አድራሻ አስገቡ። ሌባ የገባበት ሰዓት ተሳስቶ ሲገኝ ፖሊስ ጣቢያ ማስረዳቱ ጣጣ ነው።

ኤንቪአር ለሌለው፣ በስልክ አፕ ብቻ ለሚታይ የዋይፋይ ካሜራ ግን አትሞክሩት። አፑ ከውጭ ሆኖ አያገኘውም።