ከጀልባ ሆድ ውስጥ የሞተር ዘይት በቀላሉ እንዴት ይቀየራል?

መኪና ዘይት ሲቀየርላት ጉድጓድ ላይ ትቆማለች። መካኒኩ ከሥር ገብቶ የኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ታፖ (መድፈኛ ብሎን) ይፈታል፤ ዘይቱ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ጀልባ ሥር ግን ጉድጓድ የለም፤ ያለው ሐይቅ ነው። ሞተሩ ከወለሉ በታች ተቀምጦ፣ ኮፓው የጀልባዋን ሆድ ሊነካ ሁለት ጣት ያህል ይቀረዋል። ታፖውን ዳብሰው ቢያገኙት እንኳ ከሥሩ የሚገባ ሳህን አይገኝም።

ጣና ላይ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የምትመላለስ ጀልባን እንውሰድ። ቀስ ብላ ለምትሄድ ጀልባ ደርሶ መልሱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሞተሩ በየ100 ሰዓቱ ዘይት የሚፈልግ ከሆነ፣ በቀን አንድ ጊዜ ከተመላለሰች በሃምሳ ቀን ገደማ ቀጠሮው ይደርሳል። በጥር፣ እንግዳ ሲበዛ፣ ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። ነጂው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም ቀኑ የሚያልፈው። ሥራው እጅ ስለሚያቆሽሽና ወገብ ስለሚያጎብጥ «ነገ» እየተባለ ይገፋል። እኔ የምመክረው አንድ ቅዳሜን መሥዋዕት አድርጎ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ዘይት ቅየራ ሁሉ የሚያቀልል ዝግጅት ማበጀት ነው። የምናወራው በጀልባዋ ሆድ ውስጥ ስለተተከለ ሞተር እንጂ ከኋላ ስለሚንጠለጠለው አይደለም።

ከሁሉ በፊት ፓምፑን ያጥፉ

ብዙ ጀልባዎች ውኃ ሲገባባቸው በራሱ የሚነሣ ውኃ ማውጫ ፓምፕ አላቸው። ዘይት ከመንካትዎ በፊት የዚህን ፓምፕ መስመር ይንቀሉ። ሥራውን ስጀምር ይህን ረስቼ ያውቃል። ከፊልትሮው (ከዘይት ማጣሪያው) የፈሰሰው ዘይት ሆዷ ውስጥ ካለው ውኃ ጋር ተቀላቀለ፤ ፓምፑ ተነሣና ሁሉንም ወደ ሐይቁ ተፋው። ታንኳ እየቀዘፈ በአጠገባችን ያልፍ የነበረ ዓሣ አጥማጅ ቀዘፋውን አቁሞ በውኃው ላይ የተዘረጋውን ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ዝም ብሎ ተመለከተው። ያ ሰው መረቡን የሚጥለው እዚያው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ መጀመሪያ የምነካው የፓምፑን ሽቦ ነው።

ዝግጅት ለሌለው፦ በመለኪያው ቀዳዳ መምጠጥ

ሞተሩን አስነሥተው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ያሠሩት። የሞቀ ዘይት ይቀጥናል፤ ከታች የተኛውን ቆሻሻም ይዞ ይወጣል። ከዚያ አጥፍተው አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፤ ወደ ላይ የተረጨው ወደ ኮፓው ይመለሳል፣ እጅ የሚያቃጥለው ሙቀትም ይበርዳል።

የዘይት መለኪያውን ዘንግ ያውጡና በቀዳዳው ቀጭን ቱቦ እስከ ታች ይክተቱ። ወለሉን ሲነካ ትንሽ ከፍ ያድርጉት፤ አለበለዚያ አፉ ኮፓው ላይ ተጣብቆ አይመጥም። በእጅ ወይም በባትሪ በሚሠራ ፓምፕ ወደ ጀሪካን ይምጠጡ። በአፍ መሳብ ግን በፍጹም አይሞከር። የተቃጠለ ዘይት መርዝ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የጀልባ ሞተር ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ አዘንብሎ ነው የሚተከለው፤ ዘይቱም ወደ ኋላ ይከማቻል። መለኪያው ከፊት ከሆነ ቱቦዎ አየር መሳብ ሲጀምር ከኋላ ገና የቀረ ዘይት አለ። ሁለት ሦስት ሰዎች ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ሄደው እንዲቀመጡ ያድርጉ፤ ተጨማሪ ዘይት ሲመጣ ያያሉ።

ዘላቂው መፍትሔ

ይህ ነው የቅዳሜው ሥራ። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ከተመጠጠ በኋላ የኮፓውን ታፖ ይፍቱ። በአንዳንድ ሞተሮች ታፖው ከጎን ስለሚገኝ ነገሩ ይቀላል፤ በሌሎች ሞተሩን ከመቀመጫው ትንሽ ማንሣት ይጠይቃል። ሞተሩ ለሌላ ጥገና በሚወጣበት ጊዜ ቢደረግ ደግሞ ምንኛ ጥሩ ነበር!

የፈቱትን ታፖ ይዘው ቶርኖ ቤት (ብረት ቀርጸው የሚሠሩበት) ይሂዱ። በዚያው ጥርስ ልክ፣ መሐሉ የተበሳና ሌላኛው ጫፉ ቱቦ የሚያስይዝ የነሐስ ብሎን እንዲሠሩልዎ ይጠይቁ። ጥርሱን በግምት ማስሞከር አይገባም፤ ልኩ ያልሆነ ጥርስ በጉልበት ከተጠመዘዘ ኮፓው ይበላሻል። ብሎኑን ሲያስገቡ አዲስ የመዳብ ሮንዴላ (ከብሎኑ ሥር የሚገባ ቀለበት) ያድርጉበት።

ከብሎኑ የሚነሣው ቱቦ ሙቀትና ዘይት የሚችል፣ በውስጡ ክር ወይም ሽቦ ያለበት ጎማ ይሁን። የአትክልት ውኃ ማጠጫ ፕላስቲክ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በሞቀ ዘይት ይልማል፣ ይላቀቃል። ቱቦውን በብረት ማሰሪያ አጥብቀው፣ ከሚሽከረከርና ከሚግል አካል አርቀው ወደ ላይ ያውጡት። ጫፉ ሞተሩ ውስጥ ካለው የዘይት ከፍታ በላይ መቀመጡ ወሳኝ ነው። ጫፉ ላይ ቫልቭ፣ ከቫልቩም ቀጥሎ በእጅ የሚጠበቅ ክዳን ይግጠሙ። ንዝረት ቫልቩን ቢከፍተው ክዳኑ ይይዛል፤ ክዳኑም ቢወድቅ ጫፉ ከፍ ያለ በመሆኑ ዘይቱ በራሱ አይፈስም። ይህ ሁለት እጥፍ ጥንቃቄ የበዛ አይደለም። ሐይቅ መሐል ላይ ዘይቱ ያለቀበት ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳል (ተጣብቆ መሽከርከር ያቆማል)፤ ተሳፋሪ ይዞ መቆም ደግሞ ከሞተሩ ዋጋ የከፋ ነው።

ከዚያ በኋላ ዘይት መቀየር ማለት ክዳኑን ፈትቶ፣ የዘይት መምጠጫ ፓምፑን ገጥሞ፣ ቫልቩን ከፍቶ መምጠጥ ብቻ ነው። ከጥልቁ ቦታ ስለሚመጠጥም ዝቃጩ ሳይቀር ይወጣል።

ፊልትሮው

ፊልትሮ አግድም ሲተከል፣ ሲፈታ ዘይቱን በሙሉ ይለቃል። ጥቂት አላልተው በወፍራም ፌስታል ሙሉ በሙሉ ይሸፍኑትና በፌስታሉ ውስጥ እንዳለ በእጅ ያውጡት። ከሥሩ አንድ የሕፃን ዳይፐር ያንጥፉ፤ ከጨርቅ ይልቅ የፈሰሰውን ይመጥጣል።

የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ ቀለበት አብሮ መውጣቱን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ከቀረና አዲሱ በላዩ ከታሰረ፣ ሞተሩ ሲነሣ ዘይቱ በዚያ በኩል ይረጫል። በአዲሱ ቀለበት ላይ ጣትዎን ዘይት አስነክተው ይቀቡት፤ እስኪነካ በእጅ ያሽከርክሩ፣ ከዚያም ሦስት አራተኛ ዙር ያህል ያጥብቁ። መፍቻ አያስፈልግም።

መሙላትና ማስነሣት

ያወጡትን ዘይት ይለኩ። የሚሞላውም ከመመሪያው መጽሐፍ ልክ ጋር መመሳሰል አለበት። ሥሩ የተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ገልብጠው ማፍሰሻ ያድርጉት። ከሚፈለገው ግማሽ ሊትር ያህል ሲቀር ቆመው በመለኪያው ይመልከቱ፤ ከዚያ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ። መጠኑ መሙላቱን ሲያረጋግጡ ዘይቱ የደረሰበትን በዘንጉ ላይ በጥቂቱ ጭረው ምልክት ቢያኖሩ ይጠቅማል፤ ያዘነበለ ሞተር ከፋብሪካው ምልክት ጋር ላይስማማ ይችላልና።

ናፍጣውን ዘግተው በማስነሻው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያሽከርክሩት፤ ዘይቱ ወደ ፊልትሮውና ወደ ላይ ይደርሳል። ጭሱ ከማቀዝቀዣው ውኃ ጋር በሚወጣበት ጀልባ ይህን አያስረዝሙ። ሞተሩ ሳይነሣ ለረጅም ጊዜ ከተሽከረከረ፣ የተገፋው ውኃ በጭስ ማውጫው ተመልሶ ሲሊንደር ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከዚያ ያስነሡት፤ የዘይት መብራቱ ወዲያው መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ያጥፉ። ለጥቂት ደቂቃ ሲሠራ ፊልትሮውንና አዲሱን ቱቦ በባትሪ መብራት ይመርምሩ፤ አጥፍተው ልኩን በድጋሚ ይዩ። እግረ መንገድዎን የማቀዝቀዣ ውኃ መግቢያውን ወንፊት ይክፈቱ። እምቦጭ በበዛበት ዳርቻ የዋለች ጀልባ ወንፊቷ በሥርና በቅጠል ይታፈናል፤ በሙቀት የተቃጠለ ሞተር ደግሞ አዲሱን ዘይትም ያቃጥለዋል።

ያወጡት ዘይት የሚናገረው

ጥቂቱን በብርጭቆ ይዘው ወደ ብርሃን ያውጡት። የናፍጣ ሞተር ዘይት መጥቆሩ ያለ ነው፤ አያስደንግጥም። ማኪያቶ የመሰለ ከሆነ ግን ውኃ ገብቶበታል፤ ጀልባዋ ከመካኒክ በፊት ለሥራ አትውጣ። የናፍጣ ሽታ ካለውና ልኩ ከቀድሞው ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ናፍጣ እየገባበት ነው። በጣት ሲታሸ የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ብረትም መልካም ዜና አይደለም።

ሥራ ቀዝቅዞ ጀልባዋ ለክረምቱ የምትታሰር ከሆነ ዘይቱን ከመታሰሯ በፊት ይቀይሩ። አሮጌ ዘይት አሲድ ያጠራቅማል፤ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ኩሽኔታውን (ዘንጉ የሚሽከረከርበትን መቀመጫ) ይበላል።

የተቃጠለውን ዘይት ክዳኑ በጠበቀ ጀሪካን ይዘው ወደሚቀበል ጋራዥ ያድርሱ። ለአጥር እንጨት የምስጥ መከላከያ እያሉ የሚቀቡት አሉ፤ ዳርቻው ላይ ባለ እንጨት ከሆነ ግን ዝናቡ አጥቦ ወደ ሐይቁ ይመልሰዋል። ፌስታሉና ዳይፐሩም ከጀሪካኑ ጋር ይሂዱ። ከመሄድዎ በፊት ቀኑንና የሞተሩን ሰዓት በነጭ ቀለም ሞተሩ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጻፉ፤ ውኃ ማውጫ ፓምፑንም መልሰው ያገናኙ።