ኤልሳት ሲከብድ፦ ክብደቱ ከየት እንደመጣ መለየት

በአሜሪካና በካናዳ ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ የሚወሰደው ኤልሳት አራት ክፍሎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ 35 ደቂቃ ይሰጣል። ሁለቱ የክርክር አመክንዮ፣ አንዱ የንባብ ነው። ቀሪው ውጤት የማይያዝበት ሙከራ ሲሆን የትኛው እንደሆነ ግን አይነገርም። ስለዚህ ሁሉንም ክፍል እንደሚቆጠር አድርገው እስከ መጨረሻው ይሥሩ፤ አንዱ ቢያንገዳግድዎ ግን ጭንቀቱን ወደ ቀጣዩ ይዘው አይሂዱ፤ ምናልባት የማይቆጠረው እሱ ይሆናል።

ብዙዎች «ጥያቄው ከበደኝ» የሚሉት ሰዓቱ ሲያልቅባቸው ነው። በአመክንዮ ክፍል ወደ 25 ጥያቄ ስላለ፣ ለአንዱ የሚደርሰው 1 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ገደማ ነው። የመጀመሪያዎቹን 10 በ12 ደቂቃ ይጨርሱ፤ ከመሃል ወዲያ ያሉት ጠጠር ይላሉ። ሁለት ምርጫ ላይ ከተጣበቁ አንዱን ይምረጡ፣ ምልክት ያድርጉበትና ይሂዱ። ለስህተት ነጥብ አይቀነስም፤ ባዶ መተው ኪሳራ ብቻ ነው።

ለየት ያለው ወጥመድ ቀላል የሚመስለው ጥያቄ ነው። «ከዘነበ መንገዱ ይረጥባል፤ መንገዱ ረጥቧል፤ ስለዚህ ዘንቧል» የሚል ክርክር ሲያነቡ አእምሮ እሺ ብሎ ያልፋል። ቧንቧ ፈንድቶስ ቢሆን? ምርጫዎቹን ከማየትዎ በፊት ክፍተቱን በራስዎ ቃል ይናገሩ።

በልምምድ ወቅት ሰዓት ካለቀ በኋላ ያመነቱባቸውን ጥያቄዎች ሳይቸኩሉ ይድገሙ፣ መልሱን ግን አይዩ። አሁን ካገኙት ችግሩ ፍጥነት ነው፤ ዳግም ከሳቱ አስተሳሰቡን ይማሩ።

ከአዳራሹ ሲወጡ የሚሰማው ድንጋጤ መጥፎ ዳኛ ነው። ከ120 እስከ 180 የሚሰጠው ውጤት የፈተናዎችን የክብደት ልዩነት አስልቶ ስለሚያስተካክል፣ በስሜት ብቻ ውጤት አይሰርዙ።