አባትና እናታችንን ከሶፋው ማስነሳት፣ ሳንጨቃጨቅ

አባዬ ጡረታ ከወጣ በኋላ ቀኑን ሙሉ ቲቪ ፊት ነበር የሚውለው፣ ማታ እንቅልፍ የለም፣ ምን ሆንክ ስትለው «ጉልበቴን ነው» ይልሃል። ትልልቆቻችን ደበረኝ ማለት አይወዱም፣ ወይ ወገቤን ነው ወይ ምግብ አልበላ አለኝ ነው የሚሉት፣ ድብርት ደግሞ አንዳንዴ እንደዛ ሆኖ ነው የሚመጣው። እንቅስቃሴ ለሙድም ለእንቅልፍም በጣም ይረዳል። እኛ ቤት የሰራው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ሐኪም ጠይቁ። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ብድግ ሲል ሊያዞረው ስለሚችል አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ቁጭ ብሎ ይነሳ። የስኳር መድኃኒት ካለ ኪስ ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ፣ በተለይ ጾም ላይ እስከ 9 ሰዓት ለሚቆዩት፣ በባዶ ሆድ ይዛችኋቸው እንዳትወጡ።

ቀጥሎ፣ «ስፖርት ስራ» የምትለዋን ነገር ተዉአት። አባዬን ስንት ጊዜ ለምነነው እምቢ ብሎ የእህቴን ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው ጠፋ ስንለው (ትንሽ ዋሽተናል) በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከዘራውን ይዞ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። መሄጃ ስጧቸው፣ ቤተክርስቲያን ይሁን መስጊድ፣ ዳቦ ቤት፣ እድር። የሚያወሩት ሰው መንገድ ላይ ካገኙማ ግማሹ ስራ አለቀ።

አካሄዱ እያወሩ የሚሄዱት ግን መዝፈን የማይቻልበት ፍጥነት ይሁን። በ10 ደቂቃ ጀምሩ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ ነው የሚለው፣ ቀስ ብሎ ይደረስበታል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ቁልቁለቱም ለጉልበት አይመችም፣ ሜዳ ሜዳውን ፈልጉ። ደረቱን ካፈነው ወይ ከወጋው ቁሙ፣ ካልተወው ቶሎ ሐኪም ጋ።

በሳምንት 3 ቀን ደግሞ እንዳይወድቁ ሚዛንና ጉልበት የሚያጠነክር ነገር ያስፈልጋል። ጎማ የሌለው ወንበር ግድግዳ አስደግፋችሁ ቁጭ ብድግ፣ 5 ጊዜ፣ ከለመዱት 10። ከዛ ጠረጴዛ ይዞ በአንድ እግር መቆም። በሲሊፐር አይሆንም፣ የሚይዝ ጫማ ይሁን። እማዬ ግን በጾም ያን ሁሉ ስግደት ሰግዳ «እኔ ምን ስፖርት እሰራለሁ» ትላለች እኮ!

ክረምት ላይ ጭቃው ያንሸራትታል፣ ቤት ውስጥ ኮሪደር ለኮሪደር መመላለስም ይቆጠራል።

አንድ ነገር ግን፣ ከሁለት ሳምንት በላይ መብላትና መተኛት እምቢ ካላቸው ወይም «ምነው እግዜር በወሰደኝ» የምትለዋን ከደጋገሟት የሽማግሌ ወግ ነው ብላችሁ እንዳታልፏት። እሱ በእግር ጉዞ ብቻ የሚፈታ አይደለም፣ ሐኪም ጋ ይዛችኋቸው ሂዱ።