በጡረታ ጊዜ በጠና የታመመ ጎረቤትን በበጎ ፈቃድ እንዴት ማስታመም ይቻላል፦ ለጎንደር ነዋሪዎች

በ60 ዓመት ጡረታ የወጣ ሰው በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ነፃ ነው። መዳን የማይችል ሕመምተኛ ያለበት ቤት የሚቸገረውም በዚሁ ሰዓት ነው። እሑድ ጠያቂ ይሞላል፤ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ግን አስታማሚዋ ብቻዋን ናት።

መጀመሪያ በአቅራቢያዎ ያለው ጤና ጣቢያ ሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ያነጋግሩ፤ ወይም በእድርዎ በኩል ይጠይቁ። ሰፈርዎ አዘዞ ከሆነ ማራኪ ድረስ አይሂዱ፤ ክረምት ሲገባ መንገዱ ያስቀርዎታል። ሳይጠሩ መግባትም አይበጅም። ብዙ ቤተሰብ በሽታውን ለታማሚው አይነግርም፤ ስለዚህ ታማሚው ምን እንደሚያውቅ ቤተሰቡን አስቀድመው ይጠይቁ። የሰሙትንም ቡና ላይ አያንሱ።

ቀጥሎ ቀን ይቁረጡ። በሳምንት አንድ ረፋድ ይበቃል። በየቀኑ እመጣለሁ ብሎ በወሩ የሚጠፋ ሰው ቤተሰቡን ይጎዳል።

እጅዎን በሳሙና ታጥበው ከአፍ ይጀምሩ፤ የደረቀ አፍ እጅግ ያሠቃያል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ያሟሙ። ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጣትዎ ላይ ጠቅልለው ይንከሩ፤ በደንብ ይጭመቁት፤ ከዚያ ጉንጩን፣ ድዱንና ምላሱን ቀስ አድርገው ይጥረጉ። ያልተጨመቀ ጨርቅ ውሃው ጉሮሮ ወርዶ ትን ያስብላል። ከንፈሩን ቫዝሊን ይቀቡት።

መነሣት ያልቻለ ሰው በየ2 ሰዓቱ ጎኑ ይቀየር። ለሁለት ሆናችሁ ከሥሩ ያለውን አንሶላ ይዛችሁ አንሡት፤ ብብቱን ይዞ መጎተት ቆዳ ይልጣል። ተረከዙን፣ ዳሌውንና ከወገቡ በታች ያለውን አጥንት ይዩ። የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የጠነከረ ቦታ ካገኙ አይሹት፤ ጫናውን አንሥተው ለባለሙያዋ ይንገሩ።

መድኃኒት የሚሰጠው ቤተሰቡ ነው፤ እርስዎ ሰዓቱን ደብተር ላይ ይጻፉ። ብርቱ የሕመም ማስታገሻ የሆነው ፈሳሽ ሞርፊን አብዛኛውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ይታዘዛል። "ሕመሙ ሲመጣ ይወስዳል" እየተባለ ሲዘለል ሕመሙ ይበረታል፤ መልሶ ማስታገሱም ይከብዳል። ሞርፊን ሆድ ስለሚያደርቅ 3 ቀን ሰገራ ካልወጣ ያሳውቁ።

"በሞቴ" ብሎ ማጉረስ የፍቅር ልማዳችን ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት ግን ሰውነት ምግብ አይፈልግም፤ ጉርሻውም ሊያንቀው ይችላል። አፉን ብቻ ያርጥቡለት።

አስታማሚዋ "ቡና ላፍላልዎ" ስትል እሺ አይበሉ። የመጡት እሷ እንድትተኛ ነው።