ዌብሳይቱ አለ፣ ደንበኛው ግን የለም፦ ለሰሜን ሸዋ ነጋዴዎች የችግርና መፍትሄ መመሪያ

ደብረ ብርሃን ውስጥ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አንድ ጋሼ ደህና ገንዘብ ከፍለው ዌብሳይት አሠሩ። ሦስት ወር ጠብቀው አንድም ሰው "በዌብሳይታችሁ አይቼ ነው" ብሎ ስላልደወለላቸው እኔን ጠሩኝ። ገጹ በሠሪው ላፕቶፕ ላይ ሲታይ ዓይን ይማርካል። "ጋሼ፣ እስቲ ዋይፋዩን ያጥፉና በራስዎ ስልክ፣ በዳታ ይክፈቱት" አልኳቸው። ክቧ መሽከርከር ጀመረች። ሻይ አዘዝን። ሻዩ መጣ፣ ስኳሩ ተማሰለ፣ ክቧ አሁንም ትዞራለች። በመጨረሻ ብቅ ያለው ቪዲዮ ደግሞ የሳቸው ግቢ አልነበረም። ዘንባባ የተተከለበት የሆነ የባህር ዳርቻ ሆቴል ነው፣ ከቴምፕሌቱ (አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው ወይም ከሚታደለው የገጽ ንድፍ) ጋር አብሮ የመጣ።

"ሰው ሲደውልልዎት መጀመሪያ ምን ይጠይቃል?" ስላቸው ጊዜ አልወሰደባቸውም። "ሙቅ ውሃ አለ ወይ ይሉኛል። መኪና ማቆሚያ አለ ወይ። አዳሩ ስንት ነው።" ገጹን ከላይ እስከ ታች ወረድንበት፤ ከሦስቱ አንዱም አልተጻፈም።

ከዚያ ወዲህ ከሸዋ ሮቢት እስከ መሐል ሜዳ የብዙ ነጋዴዎችን ገጽ አይቻለሁ። ሕመሙ ተመሳሳይ ነው። አዲስ የዲዛይን ፋሽን መከተልን አልቃወምም፤ አንዳንዱ በጣም ይጠቅማል። ግን ፋሽኑ መመዘን ያለበት አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ፣ የባትሪው ነገር እያሳሰበው ስልኩን በሚነካካ ሰው ዓይን ነው። ከዚህ በታች ምልክቱን፣ ምክንያቱን፣ መፍትሄውን እየለየሁ አስቀምጣለሁ።

ምልክት፦ ገጹ ሳይከፈት ሰው ይወጣል

ምክንያቱ ከአሥር ጊዜ ዘጠኙ ፎቶና ቪዲዮ ነው። የዛሬ ስልክ የሚያነሳው አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት መሆኑ የተለመደ ነው። አሥር ፎቶ እንደወረደ ገጹ ላይ ከተሰቀለ ደንበኛው ስለ እርስዎ ምንም ሳያውቅ 40 ሜጋባይት ካርዱ ተበላ ማለት ነው። በላዩ ላይ በራሱ የሚጀምር ቪዲዮና የሚንሸራተቱ አምስት ትልልቅ ምስሎች (ስላይደር የሚባለው) ሲጨመሩበት፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ቁልቁል የሚወርድ ተሳፋሪ ገጹን እስኪያይ ደብረ ሲና ይደርሳል።

መፍትሄ፦ ፎቶውን ከመስቀልዎ በፊት ወርዱን ወደ 1200 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ያሳንሱ፤ በስልክ ስክሪን ላይ ከዚያ በላይ ብዙም ጥቅም የለውም። ከዚያ ዌብፒ (WebP) ወደሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ፋይል ዓይነት ይለውጡት። በጎግል የተሠራው ስኩሽ የተባለ ነጻ መሣሪያ ሁለቱንም ብሮውዘር ላይ ይሠራልዎታል። አንድ ፎቶ ከ200 ኪሎባይት እንዳይበልጥ አድርጌ ነው የማስቀምጠው። ከታች ያሉት ፎቶዎች ሰውየው ወደ ታች ሲወርድ ብቻ እንዲጫኑ ሠሪዎን ይጠይቁ። የእያንዳንዱ ፎቶ ወርድና ቁመት ኮዱ ላይ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ፎቶው ዘግይቶ ሲገባ ጽሑፉን ይገፋውና ሰው "ደውል" ሊል ሲነካ ሌላ ነገር ይነካል።

ስላይደሩን ያውጡት። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምስል ቆሞ የሚጠብቅ ደንበኛ ብዙም አላየሁም። አንድ ጥሩ ፎቶ፣ ከሥሩ አንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ለውጡን ለመለካት ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የሚባለው የጎግል ነጻ መለኪያ ላይ አድራሻዎን አስገብተው "ሞባይል" የሚለውን ይዩ። ገጹ ላይ ትልቁ ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ከታየ ጎግል "ጥሩ" ይለዋል።

ምልክት፦ በኮምፒውተር ያማረው በስልክ ደቃቃ ሆኗል

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ነው። ቪውፖርት የተባለው ትእዛዝ ከገጹ ራስ ላይ ከጎደለ ስልኩ ሙሉውን የኮምፒውተር ገጽ አጥብቦ ያሳያል። ሠሪዎ በደቂቃ ያስተካክለዋል። በዚያው የሚነኩ ቁልፎች ሁሉ ቢያንስ 48 ፒክስል ቁመት ይኑራቸው፤ በብርድ የደነዘዘ ጣት ትንሽ ቁልፍ አይመታም። ጎግልም ገጽዎን የሚመዝነው በስልክ ላይ በሚታይበት መልኩ ስለሆነ ይህን ለነገ አያሳድሩት።

ምልክት፦ አማርኛው ሳጥን ሆኖ ይታያል፣ ወይም አያስነብብም

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፤ አብዛኛው ቴምፕሌት ለላቲን ፊደል የተሠራ ስለሆነ የኛን ፊደል ሲያገኘው ይጎዳዋል። ሦስት ዓይነት ጉዳት አለ።

አንደኛው ፊደሉ ባዶ ሳጥን የሚሆንበት ነው። ገጹ የመረጠው ፎንት (የፊደል ቅርጽ) የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ስልኩም የሚተካበት አላገኘም። መፍትሄው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ነጻ ፎንት ከገጹ ጋር አብሮ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ሁሉንም ውፍረት አይጫኑ። መደበኛውና ደማቁ፣ ሁለቱ ይበቃሉ።

ሁለተኛው አማርኛው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ የሚሆንበት ነው። ይህ የሚመጣው ከድሮ ብሮሹር ላይ ተገልብጦ ሲለጠፍ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮችና ስልኮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ) የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ቦታ ላይ አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት። ፎንቱ በሌለበት ስልክ ላይ ሥሩ ያለው ላቲን ይወጣል። እንደገና መጻፍ ወይም በመለወጫ ወደ ዩኒኮድ ማዞር እንጂ ፎንት መቀያየር አያድነውም።

ሦስተኛው ስውር ነው፤ ፊደሉ አለ፣ ግን ዓይን ይደክማል። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ሁሉም ቁመቱ ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ መስመሮቹ ሲቀራረቡ ግድግዳ ይመስላል። የመስመር ርቀቱን ከፊደሉ መጠን 1.7 እጥፍ አካባቢ ያድርጉት። ማጋደልንም ይተዉ፤ የተጋደለ ግዕዝ የሚወድቅ ይመስላል። ደማቅ ፎንት ሳይኖር ብሮውዘሩ በግድ ሲያደምቀው ደግሞ የፊደሉ ቀዳዳ ይደፈናል። ወደ መንዝ ጓሳ የሚያስጎበኝ አንድ ልጅ ገጹ አናት ላይ "ጭላዳ" ብሎ በትልቁ ጽፎ ነበር። "ጭ" ቀዳዳዎቿ ሁሉ ተሞልተው ጥቁር ነጠብጣብ ሆናለች። ትክክለኛውን ደማቅ ፎንት ስንጭንለት ፊደሏ ተከፈተች፣ ቃሉም ተነበበ።

ምልክት፦ ጎግል ላይ አንገኝም

መጀመሪያ ስምዎና አገልግሎትዎ በጽሑፍ መኖሩን ያረጋግጡ። ፖስተር አሠርቶ ፖስተሩን ብቻ የሰቀለ ሰው ብዙ ነው፤ ምስል ውስጥ ያለ ጽሑፍን ደግሞ መፈለጊያው እንደ ተራ ጽሑፍ አያነበውም።

ቀጥሎ አጻጻፉ አለ። አንዱ "ደብረ ብርሃን" ይላል፣ ሌላው "ደብረብርሃን" ብሎ ያጣብቀዋል፣ ሌላው "ብርሀን" ይላል። በላቲን ፊደልም እንደዚሁ ሁለት ሦስት ዓይነት ነው። ትክክለኛውን በርዕሱ ላይ፣ ሌሎቹን በገለጻው ውስጥ በተፈጥሯዊ ዓረፍተ ነገር ያስገቡ። "ሰሜን ሸዋ" ብሎ ማቆምም አይበቃም። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው፤ አንዱ በአማራ ክልል ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን፣ ሌላው በኦሮሚያ ዋና ከተማው ፍቼ። የሩቅ እንግዳ ይህን አያውቅም፤ መንገዱም ሌላ ነው። "ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ደብረ ብርሃን" ብለው ይጻፉ።

ከዚያ ጎግል ላይ የቢዝነስ ፕሮፋይል ይክፈቱ። ነጻ ነው። የካርታው ምልክት በርዎ ላይ መቀመጡን ራስዎ ቆመው ያረጋግጡ። ለአንድ ትንሽ ሱቅ ከዌብሳይቱ ራሱ የበለጠ ይህ ደንበኛ ያመጣል ብዬ አምናለሁ።

ምልክት፦ ሰው ያያል፣ ግን አይደውልም

ሦስት ነገር ይፈትሹ፤ ስልክ፣ ዋጋ፣ ሰዓት።

ስልክ ቁጥሩ ምስል ውስጥ ከሆነ ሰው ቁጥሩን በቃሉ ይዞ መጻፍ አለበት፤ አይጽፍም። ሲነካ የሚደውል ይሁን፣ በ+251 ይጀምር፣ ወደ ታች ሲወረድም ከስክሪኑ ግርጌ አይጥፋ። ከጎኑ የቴሌግራም ቁልፍ ይኑር። "ኢሜይልዎን ያስገቡ፣ እንመልሳለን" የሚለውን ረጅም ፎርም ይተዉት፤ የኛ ደንበኛ ድምፅ ሰምቶ ነው የሚያምነው።

ዋጋ መደበቅ ደንበኛን ያሸሻል። "ከዚህ ጀምሮ" ብለው ዝቅተኛውን ይጻፉ፣ ዋጋው የተጻፈበትን ቀንም ያክሉ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ቀብድ በዚያ የሚቀበሉ ከሆነ ቁጥሩና የሚወጣው ስም ተጽፎ ይታይ። ከፋዩ ስሙን አመሳክሮ ይረጋጋል።

ሰዓትን በተመለከተ ያ ወደ ጓሳ የሚያስጎበኘው ልጅ የነገረኝ ልቤን ነክቶታል። በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ "መነሻ 4፡00" ብሎ ጽፎ ነበር፣ እንደኛ አቆጣጠር ረፋድ አራት ሰዓት ለማለት። ሁለት የውጭ አገር እንግዶች ግን በራሳቸው አቆጣጠር ተረድተውት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ተነስተው ደጅ ቆሙ። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ የዚያ ሰዓት ውርጭ ምን እንደሚመስል የመንዝ ሰው ያውቀዋል። በአማርኛው ገጽ "ረፋድ 4 ሰዓት"፣ በእንግሊዝኛው "10:00 AM" ብለው በየቋንቋው ይጻፉ። ቀኑንም እንደዚሁ፤ የቦታ መያዣው ካሌንደር የፈረንጅ ብቻ ከሆነ "መስከረም 1" የሚል እንግዳ ሴፕቴምበር 1ን ይነካና ገና ነሐሴ ላይ ይመጣብዎታል።

ምልክት፦ ያምራል፣ ግን አያስተማምንም

ምክንያቱ የተበደረ ፎቶ ነው፤ ከቴምፕሌት የመጣ፣ ከኢንተርኔት የተወሰደ፣ አሁን አሁን ደግሞ በኤአይ የተሠራ። የመንዝ ባና የምትሸጥ አንዲት እህት ገጿ ላይ የነበረው ሱፍ የሜሪኖ በግ ሱፍ ነበር፣ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የማናውቀው። የኛ ባና ቡናማውና ጥቁሩ ፀጉር ተቀላቅሎ፣ ሻካራው ክር አልፎ አልፎ ወፈር ብሎ ይታያል። ያንን ነው ገዢው የሚፈልገው። ባናውን ደጃፍ ላይ አውጥተን፣ ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው፣ የሽመናው ጉድጓድና ጉብታ ጥላ እስኪጥል ድረስ ተጠግተን አነሳነው። ከእሱ ቀጥሎ እንዝርት የያዘ የእናቷ እጅ። በተራ ስልክ ነው ያነሳነው።

ትልቅ ፊደል፣ ብዙ ባዶ ቦታ፣ ጥቂት ቀለም፣ እውነተኛ ፎቶ የሚለውን የዘመኑን ፋሽን በደስታ ይቀበሉት፤ ገጹንም ቀላል ያደርገዋል። ጥቁር መደብ ላይ ግራጫ ጽሑፍ የሚለውን ግን በጥንቃቄ ይያዙት። ሸዋ ሮቢት በቀትር ፀሐይ ስልክዎን ይዘው ይሞክሩት፤ ምንም አይታይም። የጽሑፍና የመደብ የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን እንዳለበት ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ ያስቀምጣል፤ የሚለኩ ነጻ መሣሪያዎችም አሉ።

ምልክት፦ "ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም" የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል

የደህንነት ሰርተፍኬቱ የለም ወይም አልታደሰም። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል ድርጅት በነጻ ይሰጣል፤ ዕድሜው አጭር ስለሆነ በራሱ እንዲታደስ ያስደርጉ። እግረ መንገድዎን ዶሜይኑ (የዌብሳይቱ አድራሻ) በማን ስም እንደተመዘገበ ይጠይቁ። በሠሪው ስም ከሆነ ዛሬውኑ ወደ እርስዎ ይዙር። ሠሪው ስልኩን ስላጠፋ ብቻ የዓመታት ስሙን ያጣ ነጋዴ አውቃለሁ።

ምልክት፦ ሁሉንም አስተካክያለሁ፣ መሥራቱን በምን ልወቅ?

ገጹን የማያውቅ ሰው ይፈልጉ፤ መናኸሪያ ላይ የቆመ ወጣት ይሁን፣ የጎረቤት ልጅ። ገጹን ያረጀ ስልክ ላይ በዳታ ከፍተው ይስጡትና "ዋጋው ስንት ነው? የት ነው ያለነው? ደውልልኝ" ይበሉት። ጣቱ የሚቆምበትን ቦታ ብቻ ይመልከቱ፤ አይርዱት። የቆመበት ቦታ ላይ ነው ቀጣዩ ሥራዎ። ከዚያ በኋላ የሚደውልልዎትን ሁሉ "ከየት አገኙን?" ብለው ይጠይቁና ደብተር ላይ ይጻፉ።

ጋሼ ያንን ደብተር ይዘዋል። የባህር ዳርቻውን ቪዲዮ አውጥተን የግቢያቸውን በርና የጽዱን ዛፍ አስገባን። ከፎቶው ሥር ያለውን የመጀመሪያ መስመር እሳቸው ራሳቸው ናቸው የጻፉት፦ "ሙቅ ውሃ ሌሊትም ቀንም አለ። መኪናዎ ግቢ ውስጥ ያድራል።" ከሥሩ የአዳሩ ዋጋ፣ ከዚያ የሚደወልበት ቁልፍ። በሁለተኛው ሳምንት ከወልዲያ ቤተሰቡን ይዞ የሚመጣ ሹፌር ገና ጣርማበር ላይ ሳለ ደወለ። የጠየቃቸው፣ ለልጆቹ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይኖር እንደሆነ ነው። ጋሼ ስልኩን ሲዘጉ እኔ ጋ ደወሉና ብርድ ልብሱም ይጻፍልኝ አሉኝ።