ከውጭ ያዘዛችሁት ዕቃ ተበላሽቶ ቢመጣ

ከቻይና በኦንላይን ዕቃ የምታዙ ሰዎች ይቺን ያዙልኝ። ፓኬቱን ስትከፍቱ ቪዲዮ ቅረጹ። መጀመሪያ ላዩ ላይ የተለጠፈው አድራሻና የመላኪያ ቁጥር ይታይ፣ ከዚያ ሳታቋርጡ ፓኬቱን ቀድዳችሁ ዕቃውን አውጥታችሁ ሰክታችሁ አልሠራ እስኪል ድረስ ቅረጹት።

እኔ ያዘዝኩት የጆሮ ማዳመጫ በግራ በኩል ድምፅ አልነበረውም። የከፈልኩት በፔይፓል (በኦንላይን ገንዘብ መክፈያ) ስለነበር እዚያው አቤቱታ ከፈትኩ። ሻጩ በጣም ትሁት ነው፤ «ይቅርታ ወዳጄ፣ አዲስ እልክልሃለሁ፣ ብቻ አቤቱታህን ዝጋልኝ» አለኝ። እንዳትዘጉ! ፔይፓል ላይ አንዴ የዘጋችሁትን አቤቱታ መልሳችሁ መክፈት አትችሉም። አዲሱ ዕቃ እጃችሁ ገብቶ እስክትሞክሩት ወይም ብሩ እስኪመለስ ክፍት ይቆይ።

ቀን መቁጠርም አትርሱ። ፔይፓል አቤቱታ ለመክፈት ከከፈላችሁበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ይሰጣል። ከከፈታችሁ በኋላ ግን በ20 ቀን ውስጥ ከሻጩ ጋር ካልተስማማችሁ፣ ጉዳዩን ፔይፓል ራሱ እንዲያየው ወደ ክሌም ማሳደግ አለባችሁ፤ አለበለዚያ በራሱ ጊዜ ይዘጋል። ሻጩ «ትንሽ ታገስ» እያለ ቀኑን ሲገፋባችሁ እሺ አትበሉ።

የምታወሩትን ሁሉ በገበያው ገጽ ላይ ጻፉ እንጂ ወደ ዋትሳፕ አትውጡ። ዕቃውን መልሱ ከተባላችሁ ደግሞ መጀመሪያ የፖስታውን ዋጋ ጠይቁ፣ ለርካሽ ዕቃ መላኪያው ከዋጋው ሊበልጥ ይችላል። በካርድ የከፈላችሁ ባንካችሁ ጋ ደውላችሁ «ቻርጅባክ» በሏቸው፣ የከፈልኩትን ብር ከሻጩ አስመልሱልኝ ማለት ነው፤ ቃሉን ያውቁታል።