የዛገ የሞተር ሳፖርት ብሎን ሳይሰበር እንዴት ይፈታል

ፔጆ 404 የሐረር ታክሲ ሆና ስንት ዘመን ሰው አመላልሳለች። ፈረስ መጋላ አካባቢ ያደገ ሰው ሳያያት በድምጿ ይለያታል። ለገበያ የወጣችው በ1960 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለችው ምናልባት የአባታችሁ እኩያ ናት። ሞተሯ እሺ ይላል። እምቢ የሚለው ብሎኑ ነው፤ በተለይ የሞተር ሳፖርት ብሎን።

ሳፖርት በሁለት ብረት መሀል የተጣበቀ ጎማ ነው። የሞተሩን ክብደት ይሸከማል፣ ንዝረቱንም ይውጣል። ጎማው ሲሰነጠቅ ወይም ዘይት ጠጥቶ ሲላሽቅ መኪናዋ ቆማ ስትሠራ መሪው ይንቀጠቀጣል። ፍሪሲዮን ስትለቁ ከፊት "ጓ" የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ከድሬዳዋ ተነስታችሁ የደንገጎን ዳገት ስትወጡ ይብሳል፤ ሞተሩ ኃይል ባወጣ ቁጥር ወደ አንድ ጎን ለመጠማዘዝ ይታገላልና። ዝም ከተባለ ቬንትሌተሩ ራዲያተሩን እስከ መምታት ሊደርስ ይችላል።

ጎማውን መለወጥ ራሱ አጭር ሥራ ነው። ጊዜ የሚበላው ብሎኑን መፍታት ነው። እኔ የመጀመሪያዬን ሰብሬዋለሁ። ረጅም ቱቦ ቁልፉ ላይ ሰክቼ ባለ በሌለ ጉልበቴ ሳብኩ። መጀመሪያ የዞረ መሰለኝና ደስ አለኝ። ግን ለስላሳ ነበር፣ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ። ከዚያ "ቀጭ" አለና ጭንቅላቱ ቡሶላው (ጭንቅላቱን የሚያቅፈው ቁልፍ) ውስጥ ቀረ። ይህን ስሜት እወቁት። የሚፈታ ብሎን "ጭርር" ብሎ ይጮኻል፣ እየከበደም ቢሆን ይንቀሳቀሳል። የሚሰበር ብሎን ግን ድምፅ ሳያሰማ ይለሰልሳል። ልክ ሲለሰልስ እጃችሁን አቁሙ።

መጀመሪያ ሞተሩን ደግፉ

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ነጋቲቭ ፍቱ። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አድርጉ። መኪናዋ ሥር መግባት ካለባችሁ በካቫሌቶ (በብረት መቆሚያ) ትቁም። በክሪክ ብቻ በተነሳች መኪና ሥር አትግቡ፤ በዚህ ቀልድ የለም።

ከዚያ ሌላ ክሪክ ከኮፓው፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት መያዣ፣ ሥር አስገቡ። በመሀል ወፍራም ጣውላ ይኑር፣ አለበለዚያ ኮፓው ይጎደጉዳል። ሞተሩን ከፍ ማድረግ አያስፈልግም፤ ክብደቱን ከሳፖርቱ ላይ መቀበል ብቻ ነው። ክብደት የተጫነው ብሎን ዝገት ባይኖረውም በጎኑ ተጨንቆ አይዞርም። ብዙ ሰው "ዝጓል" የሚለው ብሎን የተጨነቀ ብቻ ነው። የ404 ሞተር 45 ዲግሪ ወደ ጎን ያዘነበለ ስለሆነ ጣውላው እንዳይንሸራተት ቀስ ብላችሁ አንሱ።

ይጠጣ

ብረት ሲዝግ ያብጣል። ዝገቱ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ በብሎኑና በዳዶው (ብሎኑ የሚገባበት ባለ ቀዳዳ ብረት) ጥርስ መሀል እንደ ሽብልቅ ይገባል። ሥራችን ዘይት ወደዚያ ጠባብ ቦታ ማስገባት ነው።

በሽቦ ብሩሽ ጭቃውንና ቅባቱን አጽዱ። የሚታየው ጥርስ ሁሉ ይጽዳ፤ ብሎኑ ሲወጣ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው። ከዚያ ደብሊው ዲ ፎርቲ ወይም ሌላ የዝገት ማላቀቂያ ንፉ። ካጣችሁ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ቀላቅሉ። ሁለቱ ቶሎ ስለሚለያዩ በተጠቀማችሁ ቁጥር በጥብጡት። አሴቶን በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ ሲጋራም ክብሪትም ይራቅ።

ማታ ንፉ፣ ጠዋት ድገሙ፣ ከሰዓት ድገሙ። የድሬዳዋ ሙቀት ቶሎ ስለሚያደርቀው ጥላ ሥር አቁሟት። በየመሀሉ የብሎኑን ጭንቅላት በመዶሻ ቀጥ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉ። ሃያ ትናንሽ ምት ከአንድ ትልቅ ምት ይሻላል። ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል፣ ዘይቱም ይገባል።

አሁን ቁልፍ

ባለ 6 ማዕዘን ቡሶላ ተጠቀሙ። ባለ 12ቱ ጫፉን ብቻ ስለሚይዝ የዛገ ጭንቅላት ያዳልጠዋል። የፈረንሳይ መኪና ስለሆነች ልኩ በሚሊሜትር ነው፤ በኢንች ቁልፍ አትሞክሩ። ቡሶላው እስከ መጨረሻው መግባቱን በጣታችሁ አረጋግጡ።

በመጀመሪያ ለማጥበቅ ትንሽ ግፉት። እንግዳ ይመስላል፣ ግን ዝገቱ የሚሰበረው በዚህ ነው። ከዚያ ወደ መፍታት መልሱት። ከሥር ተኝታችሁ ስታዩ አቅጣጫ ይምታታል፤ ሁልጊዜ ከጭንቅላቱ በኩል እንደምታዩ አስቡና ወደ ግራ አዙሩ። ሩብ ዙር ከሄደ አትጎትቱ። ግማሹን መልሱ፣ ዘይት ጨምሩ፣ እንደገና ፍቱ። እንዲህ ወደፊትና ወደኋላ እያላችሁ አውጡት።

እሳትና ሰም

አሁንም እምቢ ካለ ሙቀት አለ። ይህን ያሳዩኝ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ የሠሩ አንድ አባት ናቸው። መዶሻ ሳነሳ አይተው "አቦ ተው ልጄ፣ አትታገለው፣ ይጠጣ!" አሉኝ። ዳዶውን በጋዝ እሳት አሞቁ፤ ብሎኑን አልነኩትም። ዳዶው ሲሰፋ ብሎኑን ይለቃል። እሳቱን አጠፉና የጧፍ ጫፍ ጥርሱ ላይ አስነኩት። ሰሙ ቀልጦ እየተሳበ ወደ ውስጥ ሲገባ አየሁ። ትንሽ ጠብቀን በተራ ቁልፍ ዞረ።

ይህን ከማድረጋችሁ በፊት የተነፋውን ዘይት ሁሉ ጥረጉ። አሴቶን የነካው ቦታ ጨርሶ ሳይደርቅ እሳት አይቅረበው። የቤንዚንና የፍሬን ቱቦ የት እንዳለ እዩ፣ በቆርቆሮ ጋርዱ። የእሳት ማጥፊያ ወይም ባልዲ ሙሉ አሸዋ አጠገባችሁ ይሁን። ብረቱ መቅላት የለበትም።

ዳዶው ከታየና ቦታ ካለ በሰጌቶ መቁረጥም ይቻላል። ብሎንና ዳዶ ርካሽ ነው።

ከተሰበረ

ሞተሩ ላይ ቀርቶ ትንሽ ከወጣ፣ በያጅ ጉቶው ላይ ዳዶ እንዲበይድ አድርጉ። የብየዳው ሙቀት ራሱ ዝገቱን ይለቅቃል። ቅላቱ ሲጠፋ፣ ገና ሞቅ እንዳለ አዙሩት። ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው።

ውስጥ ከቀረ ትራፓኖ (መሰርሰሪያ) ነው። መሀሉን በሹል ብረት ነጥብ ምቱ፣ በ3 ሚሊሜትር ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) ጀምሩ፣ እያሰፋችሁ ሂዱ። ተራ ጥርስ ላለው ባለ 8 (ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር) ብሎን ከ6.8፣ ለባለ 10 ከ8.5 ሚሊሜትር አትለፉ፤ ካለፋችሁ የሞተሩን ጥርስ ትበላላችሁ። ፍጥነቱ ዝግ ይበል፣ ዘይት ይጨመር። መሀሉን ከሳታችሁ አቁሙና ቶርኖ ቤት ውሰዱት።

ስትመልሱ

አዲስ ብሎን፣ አዲስ ሮንዴላ። በጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል ጽሑፍ ያለውን ፈልጉ። ጥርሱ ላይ ስስ የመዳብ ግሪስ ቀቡ፤ ጎማውን ግን አታስነኩት፣ ያላሽቀዋል። ሁሉንም ብሎኖች በመጀመሪያ በጣት አስገቡ። ክሪኩን አውርዳችሁ ሞተሩ ቦታው ላይ ሲቀመጥ አጥብቁ።

ደንገጎን አንድ ጊዜ ወጥታችሁ ስትመለሱ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ ኮፈኑን ከፍታችሁ ብሎኖቹን እንደገና በቁልፍ ሞክሯቸው።